97 በመቶ ጨርሳለች፤ ግን ታነባለች?

እኛ ግቢ ውስጥ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ አለች። እናቷ ዓረብ አገር ናት፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ልጅቷን የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው። ዘንድሮ እናትየው ከደመወዟ አብቃቅታ ስልክ ላከች፤ እኛም ፊደልና ንባብ የሚያስተምር አፕ ጫንንላት። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ አንድ ሥራ አለብን፦ የአፑን የውጤት ገጽ ስክሪንሾት አንስተን ለእናትየው በኢሞ መላክ። ኮከቦች፣ ዋንጫ፣ እየረዘመ የሚሄድ አረንጓዴ መስመር።

ባለፈው ወር መስመሩ 97 በመቶ ደረሰ። እናትየው በድምፅ መልእክት እልልታዋን አቀለጠችው። አያትየው ቡና አፈሉ።

ቡናው እስኪደርስ ከእኛ አንዱ የሻይ ቅጠል ፓኬት አንስቶ «እስቲ ይሄን አንብቢልን» አላት። ልጅቷ ፓኬቱን አየችው፣ እኛን አየችን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሸ፣ ሹ፣ ሺ፣ ሻ» ብላ ቆጠረችና «ሻ!» አለች። ቀጥላ «የ፣ ዩ፣ ዪ...» እያለች ስድስተኛው ላይ እስክትደርስ የመጀመሪያውን ረሳችው። «ቅጠል» የሚለው ላይ ስትደርስ ዝም አለች።

አፑ አልዋሸም። ትምህርቶቹን 97 በመቶ ጨርሳለች። ግን ማንም ስለ ማንበቧ አልጠየቀውም፣ እሱም አልመለሰም። እኛ ነን ሁለቱን አንድ አድርገን ያየነው።

የአንድ ልጅ ነገር ብቻ ቢሆን እዚህ ባልጻፍነው ነበር። እኛ ራሳችን ዲግሪ የለንም፤ ቪዲዮ ማቀናበርም ሆነ ዜና ማጣራት የተማርነው ከስልክ ነው። ስለዚህ በስልክ መማርን ለማጣጣል አልመጣንም። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ «ተማሪው ይህን ያህል ተራምዷል» የሚለውን ቁጥር መቼ እንመን?

🔹 አፑ ምን ያያል?

የትኛውም የኦንላይን ማስተማሪያ ከጀርባው መዝገብ አለው። ተማሪው መቼ ገባ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ የትኛውን ትምህርት ጨረሰ፣ ጥያቄውን በስንተኛው ሙከራ መለሰ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው መስመር ወይም ፐርሰንት የሚሆነው። መዝገቡ ጠቃሚ ነው፤ አንድ አስተማሪ ለ60 ተማሪ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ልያዝ ቢል አይችልም።

ችግሩ አፑ የሚያየው የጣትን ሥራ መሆኑ ነው። ለምሳሌ፦

👉 ጥያቄው ሦስት ምርጫ ካለው፣ ምንም የማያውቅ ልጅም በግምት ከሦስቱ አንዱን ያገኛል። ሲሳሳት «እንደገና ሞክር» ከተባለ ደግሞ በሦስተኛው የማያገኝ የለም። አንዳንዱ አፕ ይህንንም «መለሰ» ብሎ ይመዘግበዋል።

👉 ደቂቃ የሚቆጥር አፕ፣ ስልኩ ተከፍቶ ልጁ ውጭ ኳስ ሲያባርርም ሊቆጥር ይችላል።

👉 ስልኩ አንድ፣ ልጆቹ ሦስት ከሆኑ፣ ታላቅየው የመለሰው በታናሽየው ስም ይጻፋል። የአገራችን ቤት ደግሞ እንዲህ ነው፤ ለአንድ ልጅ አንድ ስልክ የሚሰጥ ቤተሰብ ብዙ አይደለም።

👉 ተቃራኒውም አለ። ፓኬጅ አልቆ ያለ ኢንተርኔት ያጠና ልጅ፣ ውጤቱ ወደ ሰርቨሩ ካልተላከ በሪፖርቱ ላይ ሰነፍ ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ አረንጓዴው መስመር ሲረዝም ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንዳረዘመው ከስክሪንሾቱ አይታይም።

🔹 ከወንጪና ከወለንጪቲ የወጣው ዜና

ይህ ጥያቄ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት የገጠር መንደሮች ታብሌት አከፋፈለ። ለእያንዳንዱ መንደር 20 ገደማ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያልገቡ ናቸው። አስተማሪ አልተቀጠረም፣ መመሪያም አልተሰጠም። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ይደረጋሉ።

ኢንተርኔት ስላልነበረ ክትትሉ በእግር ነበር። በየሳምንቱ አንድ ቴክኒሻን እየሄደ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ ይቀይራል፤ ካርዱ ላይ የተመዘገበው ሁሉ ለተመራማሪዎቹ ይደርሳል። የዛሬው አፕ በሰከንድ የሚልከውን ያኔ ሰው ተሸክሞት ይሄድ ነበር።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት የሆነውን ለዓለም ተናገረ። በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይከፍት ጀመር። በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛውን ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር። በ5 ወር ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው ፎቶ ማንሳት ያዙ። ዜናው ዓለምን ዞረ።

ቁጥሮቹን ግን ቀዝቀዝ ብለን እንያቸው። 47 አፕ መክፈት የማወቅ ጉጉትን ያሳያል። መዝሙሩ የማስታወስ ችሎታን፣ ካሜራው ብልህነትን ያሳያል። ሦስቱም ደስ ይላሉ፤ ማንበብን የሚያሳይ ግን አንዱም የለም። ልጆቹ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ፣ ታብሌቱ የሚያወራቸው በእንግሊዝኛ መሆኑንም አንርሳ።

ከዚያ ሁሉ ወሬ እኛን የሳበን ትንሿ ናት። አንድ ልጅ የሥዕል መሣሪያውን ከፍቶ «አንበሳ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈ። ማንም አላዘዘውም። ቃሉን ያገኘው ከእንስሳት ጨዋታ ነው፤ የተጠቀመበት ግን ሌላ ቦታ ነው። የተማሩትን ካልተማሩበት ቦታ አውጥቶ መጠቀም፣ ዕውቀት ማለት ይሄ ነው። በደቂቃ ቆጠራ ውስጥ ግን ይህ ልጅ ከሌሎቹ ተለይቶ አይታይም።

የፕሮጀክቱ አንዱ መሪ የነበረው ማት ኬለር በኋላ «ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ» የተባለውን የ15 ሚሊዮን ዶላር ውድድር መራ። የመጨረሻው ሙከራ የተደረገው ታንዛኒያ፣ ታንጋ አካባቢ ባሉ 170 መንደሮች ነው፤ 2,700 ገደማ ልጆች ለ15 ወር በስዋሂሊ ተማሩ። እዚህ ላይ መለኪያው የአፖቹ ነጥብ አልነበረም። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ ከአፑ ውጭ በሆነ የንባብ ፈተና ተመዘኑ። ሲጀምሩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በስዋሂሊ አንድ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሲያበቃ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ትልቅ ለውጥ ነው። ብዙ ልጅ ከ15 ወር በኋላም አለማንበቡን ያወቅነውም በዚያው ፈተና ነው። አፖቹን ብቻ ብንጠይቅ አንሰማውም ነበር።

🔹 የኔታ ይህን ያውቁ ነበር

የእኛዋ ልጅ ችግር ስም አለው። ፊደሉን የያዘችው በቦታው ነው። «ሻ» ለእሷ ከ«ሸ» ተነስቶ አራተኛው ማለት ነው፤ ከሰልፉ ወጥቶ ብቻውን ሲቆም አታውቀውም። አፑም ሁልጊዜ በሰልፉ ነበር የሚጠይቃት።

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እዚህ ጋ ይስቃል። የኔታ ለዚህ ድሮ መድኃኒት አላቸው። ልጁ ሀ ሁን ቆጥሮ ሲጨርስ «አወቅህ» ብለው ወደ ንባብ አያሳልፉትም። አቡጊዳ ያስገቡታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ፤ ፊደሉም ይቀየራል፣ ድምፁም በየደረጃው ይዘላል። በዜማ የሸመደደ ልጅ አቡጊዳ ላይ ይጋለጣል፤ ዓይኑ የያዘ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነው ፊደለ ሐዋርያ፣ ቀጥሎም ዳዊት የሚመጣው።

የየኔታን ኩርኩም ይመለስ እያልን አይደለም 😅። ግን አቡጊዳ ፊደሉን አበጣጥሶ የሚጠይቅ ፈተና ነው። ብዙ ብር የወጣበት አፕ ይህችን አንድ ነገር ከሌለው የሚያሳየው ፐርሰንት የዜማ ፐርሰንት ነው።

🔹 ተመዘገበ፣ ጀመረ፣ ጨረሰ፣ ቻለ

ይህ ነገር የልጆች ብቻ አይደለም፤ እናንተንም ይመለከታል። ስንቶቻችን ነን ኮርስ ተመዝግበን ሁለተኛ ቪዲዮ ያላየን?

ኤምአይቲና ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2018 በኦንላይን የሰጧቸው ነፃ ኮርሶች መረጃ ተመርምሮ በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከተመዘገቡት 52 በመቶው ኮርሱን አንዴም ከፍተው አላዩም። በ2017/18 ከተሳታፊዎቹ ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ክፍያ ከፍለው ሰርተፍኬት ለማግኘት ከገቡት ግን 46 በመቶው ጨርሰዋል። ያው ኮርስ፣ ያው ቪዲዮ ነው። በየትኛው ቁጥር ስታካፍሉት ነው መልሱ የሚለያየው።

አሁን ወደ ቤታችን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር «የ5 ሚሊዮን ኮደሮች» ኢኒሼቲቭን ጀምራለች። ዕቅዱ በሦስት ዓመት 5 ሚሊዮን ወጣት በነፃ በኦንላይን ማሠልጠን ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ አፕ ሥራና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አሉበት። ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ያልገባችሁበት ግቡ።

ግን ሪፖርት በወጣ ቁጥር ቃሉን አጥርታችሁ ስሙ። «ተመዘገቡ» ነው የተባለው ወይስ «ጀመሩ»? «ሰርተፍኬት ወሰዱ» ነው ወይስ «ባገኙት ሙያ ሠሩ»? አራቱ አራት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው እየጠበቡ ይሄዳሉ። አንድን መሥሪያ ቤት «ሠራተኞችህን አስመዝግብ» ብላችሁ ብትጠይቁት የምዝገባው ቁጥር በሳምንት ያድጋል። «ከስድስት ወር በኋላ አንድ የሠሩትን ነገር አሳየን» ብትሉት ነው ትክክለኛው ክትትል የሚጀምረው።

🔹 ሳጥን ውስጥ ያለው ሰርተፍኬት

ያን ቀን ቡናው ላይ አያትየው አንድ ነገር ነገሩን። እሳቸውም በልጅነታቸው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተምረው ሰርተፍኬት ተሰጥቷቸዋል። ወረቀቱ እስካሁን ሳጥናቸው ውስጥ ነው። ዛሬ ግን ከስማቸው በቀር ማንበብ አይችሉም። «መንደራችን የሚነበብ ነገር የት ነበረና ልጄ፤ ጠፋብኝ» አሉን።

ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ ትልቅ ሥራ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመንግሥት ሪፖርት የተማረውን ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ አድርሶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ዓይነት አለካክ መጣ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (ዲኤችኤስ) አጥኚ ቤት ለቤት ሲዞር፣ ሁለተኛ ደረጃ ያልደረሰ ሰው ካገኘ «ማንበብ ትችላለህ?» ብሎ አያልፍም። አንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ያቀርብለትና «እስቲ አንብበው» ይለዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ሲለካ ማንበብ የሚችሉት ሴቶች 29 በመቶ፣ ወንዶች 59 በመቶ ሆኑ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሴቶች 42፣ ወንዶች 69 በመቶ ደረሱ። በመሃል ትውልድ ስለተቀየረ የዘመቻውን ቁጥር ከዚህ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም። ግን አንዱ የሰጠውን ወረቀት ሲቆጥር ሌላው ሰው ሲያነብ ቆሞ ሰምቷል።

ለልጆችም እንዲሁ ተደርጎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች አንድ የንባብ ምዘና ተካሄደ። መዛኙ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ሰዓት ይይዛል፣ በ1 ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጥራል። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ድንጋጤ በኋላ ነው የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች እንደ አዲስ የተዘጋጁት። መጥፎው ቁጥር ሥራ አመጣ ማለት ነው።

አሁን የሚያሳስበን ይህ ነው። የ2002ቱን ምዘናም ሆነ ዲኤችኤስን በገንዘብ ይደግፍ የነበረው የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለዲኤችኤስ የሚሰጠው የአሜሪካ ገንዘብ ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ዩኤስኤአይዲ ራሱ እንደ ተቋም ሥራውን አበቃ። ለተወሰኑ ጥናቶች በኋላ ሌላ ለጋሽ ቢገኝም፣ ከውጭ መጥቶ «እስቲ አንብበው» የሚለው ሰው እየቀነሰ ነው። በዚያው ጊዜ በስልክ የሚሰጠው ትምህርት እየበዛ፣ እያንዳንዱም የራሱን ውጤት ራሱ እየለካ ነው። አስተማሪውም ፈታኙም ሪፖርት አቅራቢውም አንድ ሲሆን ዝቅተኛ ቁጥር ማን ያወጣል?

🔹 ሲሠራ ምን ይመስላል?

ክትትል በደንብ ከተሠራበት ድንቅ ነገር ያደርጋል። ዴልሂ፣ ሕንድ ላይ «ማይንድስፓርክ» በተባለ ፕሮግራም ላይ የተደረገ ጥናት አለ። 619 ተማሪዎች ነበሩ፤ ማን እንደሚገባ በዕጣ ተለየ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ልጅ መጀመሪያ መዝኖ፣ ክፍሉ የቱንም ይሁን የቱ፣ ካለበት ቦታ ነበር የሚያስጀምረው። የ6ኛ ክፍል ልጆች በሒሳብ በአማካይ 2 ክፍል ተኩል ወደ ኋላ የቀሩ ሆነው ተገኙ። ትምህርት ቤት ግን የ6ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ነበር የሚያነቡላቸው።

ከ4 ወር ተኩል በኋላ በሒሳብም በሂንዲ ቋንቋም ዕጣው ካልወጣላቸው ልጆች በግልጽ ብልጫ አሳዩ። ይህንን የመሰከረው የሶፍትዌሩ ነጥብ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ በወረቀት የሰጡት ሌላ ፈተና ነው። እዚያ መዝገቡ ሪፖርት ለማሳመር አልተቀመጠም። ነገ ጠዋት ለዚያ ልጅ ምን ይሰጠው የሚለውን ይወስን ነበር።

🔹 ምን እንጠይቅ?

ልጅ፣ ወንድም ወይም ራሳችሁን በኦንላይን ስታስተምሩ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ፐርሰንቱ የምንድን ነው? የጨረሱት ትምህርት ነው ወይስ የቻሉት ነገር?
2. ጥያቄው ተበጣጥሶ ይመጣል ወይስ በተማሩበት ቅደም ተከተል?
3. ልጁ ሲደናቀፍ አፑ ወደ ኋላ ይመልሰዋል ወይስ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል?
4. መዝገቡ ማን ጋ ነው? ሂውማን ራይትስ ዋች በ2022 እ.ኤ.አ. በ49 አገሮች 164 የትምህርት አፖችና ድረ ገጾችን መርምሮ፣ 89 በመቶው የልጆችን መረጃ አያያዝ ላይ መብታቸውን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ እንደሚሠሩ አግኝቷል። አገራችንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አላት። አፑ ኮንታክትና ሎኬሽን ከጠየቃችሁ «ለሀ ሁ ምን ያደርግልሃል?» በሉት።

የቤት ፈተናውስ? 3 ደቂቃ ይበቃል። 10 ፊደል አበጣጥሳችሁ በእጃችሁ ጻፉና ጠይቁ። በአፑ ውስጥ የሌሉ አምስት ቃላት ስጧት፤ አንዱ ትርጉም የሌለው ይሁን፣ በግምት እንዳታልፈው። ከዚያ አይታው የማታውቀው አጭር ጽሑፍ ስጡና 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ስትጨርስ «ምን ይላል?» በሏት። ድምፅዋን ቅዱት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ በወሩ ድገሙት። ሁለቱን ድምፅ ጎን ለጎን ስትሰሙ የትኛውም መስመር የማያሳያችሁን ትሰማላችሁ።

እኛም እሁድ ስክሪንሾት መላክ ትተናል። አፑን አላጠፋነውም፤ ልጅቷ ትወደዋለች፣ ድምፆቹንም ያስተማራት እሱ ነው። በጎን ግን ፊደል ገበታውን በመቀስ ቆራርጠን ካርድ አድርገንላታል፤ ማታ ማታ ከአያቷ ጋር እየቀላቀሉ ይጫወቱበታል። ለእናትየው የምንልከው አሁን የ1 ደቂቃ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው እሁድ 4 ቃል ነበር፤ መሃል ላይ ረጅም ዝምታ አለበት። መላኩ ከብዶን ነበር፤ ለካ 97 በመቶ መላክ ቀላል ነው።

ባለፈው እሁድ 11 ቃል አነበበች። እናትየው እልል አላለችም። ሥራ ላይ ሆና ሁለት ጊዜ እንደሰማችው ነገረችን፤ ከዚያ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለች። አያትየው ደግሞ ካርዶቹን ይዘው «ይቺን አውቃታለሁ» ማለት ጀምረዋል።

እናንተስ? በኦንላይን ተምራችሁ ሰርተፍኬት ከወሰዳችሁት ውስጥ ዛሬ የምትሠሩበት የትኛው ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ እናነባለን።